በነሐሴ በርሽን አትዝጊ

እንዴት ከረምሽ፣ ልጄ?

ይህችን ሰላምታ ዝም ብለሽ አትለፊያት። «ከረመ» እና «ክረምት» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እኔ በተወለድኩበት በላስታ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ወንዙ ሲሞላ፣ ማዶ የተዳረች እህት ለወዲህ ማዶ እህቷ ባሕር የተሻገረች ያህል ነበረች። ድልድይ የለ። አፋፍ ላይ ቆመው ቢጣሩም ድምፁን ውሃው ይበላዋል። መስከረም ሲጠባ፣ ወንዙ ጎድሎ ሲሻገሩ፣ አንገት ላንገት ተናንቀው መጀመሪያ የሚጠያየቁት «እንዴት ከረምሽ?» ብለው ነበር። ክረምቱን በሕይወት ማለፍ ራሱ ትልቅ ወሬ ነበረ። እኔ ግን አንቺን ለመጠየቅ መስከረም እስኪጠባ አልጠብቅም። ዛሬ ነሐሴ 4 ቀን ነው፤ ዝናቡ የሽሮ ሜዳን ቆርቆሮ እየደበደበው ነው፤ እኔም ጠይቄሻለሁ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስናወራ «እምዬ፣ ተኝቼ መስከረም ላይ ብነሳ ደስ ባለኝ» አልሽኝ። ነገሩን ለማሳለፍ ሳቅ አልሽ፤ እኔን ግን አላለፈኝም። ቀጥለሽ የአምናውን አወራሽኝ። በቡሄ ዋዜማ ከሥራ ደክሞሽ ገብተሽ፣ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ደረጃ ለደረጃ ሲወጡ ሰማሽ። ዱላቸው ወለሉን ሲመታው ሰማሽ። ዝርዝር ብር አልያዝኩም ብለሽ መብራቱን አጥፍተሽ፣ ትንፋሽሽን ውጠሽ፣ ተስፋ ቆርጠው እስኪሄዱ በጨለማ ተቀመጥሽ። «ከዚያ በኋላ አፈርኩ» አልሽኝ። እንኳንም አፈርሽ። አንቺ ደስታ የት ሄደ ብለሽ ስትፈልጊ፣ እሱ ሦስት ፎቅ ወጥቶ ደጃፍሽ ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ደብዳቤ በልቤ ስጽፈው ሰነበትኩ። እጄ እንደምታውቂው ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ካዘልኩ በኋላ፣ በ1971 በመጣው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና መስመሩ ቢዛነፍ አትፍረጂብኝ። ቡና አፍልተሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

እኔም አንድ ነሐሴ በሬን ዘግቼ ስለነበር አልፈርድብሽም። አያትሽ ያረፉት በሰኔ ነበር። ድንኳኑ ተተክሎ፣ የእድሩ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ሐዘኑን ሰው ይሸከመዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እውነት ነው። ሐምሌ ሲገባ ሰው ወደየቤቱ ተመለሰ፤ ሎሚው ሁሉ እኔ ላይ ቀረ። ዝናቡ ሰበብ ሆነኝ። ጭቃ ነው ብዬ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ፤ ብርድ ነው ብዬ ማኅበር ቀረሁ። ነሐሴ ሲገባ ምድጃ ማንደድም ተውኩ፤ ለአንድ ነፍስ ምን ይነዳል አልኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ ልጄ። በእያንዳንዱ ቀን ትንሽ ትንሽ ነው የገባሁት፤ እግሬ መሬት መልቀቁን እንኳ አላወቅኩም።

ከአጥሬ ወዲያ ያለችው የሸማኔው ሚስት አንድ ቀን ማለዳ በሬን መታች። ገል ይዛለች። «እሳት ልጫር፣ እማማ፤ ምድጃዬ ጠፋብኝ» አለች። እሳት የለኝም ማለት አሳፈረኝ። ቁጭ በይ አልኳትና ከሰል አቀጣጠልኩ። ፍሟን ይዛ ሄደች። በማግስቱም መጣች፤ በሦስተኛውም ቀን። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እሳት ስትጭር ሰነበተች። እኔም ትመጣለች ብዬ ማልጄ ማቀጣጠል ጀመርኩ። እሳት ከነደደ ጀበና ይጣዳል፤ ጀበና ከተጣደ ሁለት ሰው ይቀመጣል። ሰንብቶ ነው፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ግቢዋ ያየሁት። ምድጃዋ ከእኔ ቀድሞ ነድዶ ይጨሳል። እሳት አልጎደላትም ነበር። ስለዚህ ነገር እሷና እኔ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ የገባኝ ግን በዚያች ገል ነው።

አሁን ስለ ነሐሴ ራሱ ላጫውትሽ። ክረምት በቤተ ክርስቲያን ቁጥር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ሦስት ወር እንደ አንድ ጨለማ ክፍል አልተዉትም፤ ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ክፍል ስም ሰጡት። የዘርና የደመና ጊዜ አለው፤ የመብረቅና የነጎድጓድ ጊዜ አለው። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው «ዕጕለ ቋዓት» ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ሲተርኩት፣ የቁራ ጫጩቶች ሲፈለፈሉ መልካቸው ወላጆቻቸውን ስለማይመስል ጥለዋቸው ይሄዳሉ። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ ሰማይ ሲጮኹ፣ ፈጣሪ በራሪ ተባይ ወደ አፋቸው እየላከ ያሳድጋቸዋል። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ለጫጩቶቹ አለቅስ ነበር። አሁን ሳረጅ የሚገርመኝ ሌላው ነው፦ አፋቸውን ባይከፍቱስ ኖሮ?

ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ያለው ክፍል «ጎህ፣ ጽባሕ» ተብሎ ተጠራ። ልብ በይ፣ ያኔም ይዘንባል። ጭቃውም ገና ከጫማ አይለቅም። ጎህ ሲቀድም እኮ ፀሐይ አልወጣችም፤ ሰው ግን ተነስቶ በሬውን ይጠምዳል።

ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት። ይህን የማያውቅ የለም፤ ግን ተረቱን ደጋግመን ስለምንለው አናስብበትም። ዶሮ የሚጮኸው በጨለማ ነው። ከቡሄም በኋላ ዝናቡ አለ፤ በአንዳንድ ዓመት እንዲያውም ከሐምሌው ይብሳል። በሌላ በኩል ደግሞ «ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል» ይላሉ፤ አንድ ቀን ፀሐይ አየሁ ብለሽ እህልሽን ደጅ አታስጪ ለማለት። ሁለቱን ተረቶች አብረሽ ያዢያቸው። ለአንድ ቀን ብራ አትታለዪ፤ ለአንድ ቀን ዝናብም ተስፋ አትቁረጪ። የወቅቱን መዞር ከሰማዩ ብቻ አትጠብቂው፤ ሰዉ ከሚያደርገው ነገር ታውቂዋለሽ። ዳቦ ሲጋገር፣ ጅራፍ ሲገመድ፣ ችቦ ሲታሰር ክረምቱ ወገቡ ተሰብሯል።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃኑን የገለጠበት ቀን፣ ደብረ ታቦር። ስሙን ሊቃውንቱ «ብራ፣ ገላጣ» ብለው ይፈቱታል። በዚያ ቀን ብርሃኑ ሌሊቱን እንደ ቀን ስላደረገው በተራራው ዙሪያ ያሉ እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ ሜዳ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይባላል። ችቦውም ሙልሙሉም ከዚያ የመጣ ነው። የጅራፉ ድምፅ ደግሞ ከሰማይ የተሰማውን ድምፅና የደቀ መዛሙርቱን ድንጋጤ ያስታውሳል ይላሉ። በእኛ ሰፈር ጅራፉን በቃጫ ይገምዱታል። የአባትሽ የልጅነት ጓደኞች ግማሾቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ከአባትሽ ጋር እዚሁ ደጄ ላይ ተቀምጠው ሲገምዱ ይውሉ ነበር፤ እናቶቻቸውም ዝርዝር ሳንቲም አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ማንም የማን በዓል ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ተመልከቺ። ቡሄ የገባው በፍልሰታ ጾም መሐል ነው። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። ያኔ ጎተራውም የተራቆተበት ጊዜ ነው፤ የአምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። በልጅነቴ ነሐሴ ማለት ጎመን ማለት ነበር። ጠዋት ጎመን፣ ማታ ጎመን። በዘመን መለወጫ ችቦ ይዘው «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚሉት ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ሆዱ የሚያውቀውን ነው የሚናገሩት። እንግዲህ አባቶቻችን በዓል ማድረግ ያማራቸው ሲጠግቡ አልነበረም ማለት ነው። ከባዶው ጎተራ ጥግ ጥጉን ጠርገው፣ የቀረችውን ስንዴ አስፈጭተው፣ ለሰው ልጅ ሙልሙል ጋገሩበት። እጄ ሲሞላ ነው ሰው የምጠራው የምትዪውን ተይው፣ ልጄ። እጄ እስኪሞላ ብጠብቅ ኖሮ እኔ በዕድሜዬ አንድም ሰው ቤቴ አይገባም ነበር።

«አሁን እኮ ልጆቹ ብር ነው የሚፈልጉት» አልሽኝ። እውነት ነው፤ ለከተማ ልጅ ብር ይቀለዋል። ልመና ነው ብለው የሚያመናጭቋቸውም አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ለማኝ ጨፍሮ፣ አወድሶ፣ መርቆ አይሄድም። ልጆቹ መጥተው በደጅሽ ላይ ስምሽን ያነሳሉ፣ ቤትሽን ያሞግሳሉ፣ ለከርሞ ያድርስሽ ይሉሻል። በዚያ ግዙፍ ፎቅ ውስጥ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ስምሽን ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ እሱ ስጦታ ነው። ብር ስጪያቸው፣ አትከልክዪ። ነገር ግን ሙልሙል ጨምሪበት። ትኩስ ዳቦ በእጁ የያዘ ልጅ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ገና አላየሽም።

አጋገሩን እነግርሻለሁ፤ ምጣድሽ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ይበልጥ ይቀልሻል። ሁለት ኪሎ የስንዴ ዱቄት ይበቃል፤ ሃያ የሚሆኑ ትንንሽ ሙልሙሎች ይወጡታል። እርሾውን በለብታ ውሃ በጥብጪ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ጨምሪ፣ ሊጡ ከእጅሽ እስኪላቀቅ እሺው። አትቸኩዪ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። በነሐሴ ብርድ ሊጥ ቶሎ ኩፍ አይልምና በወፍራም ጨርቅ ሸፍነሽ ሞቅ ያለ ቦታ አኑሪው። ኩፍ ሲል በእፍኝ በእፍኝ ቆርሰሽ መሐሉን ወፈር፣ ሁለቱን ጫፍ ሾል አድርገሽ አድበልብዪው። ምጣዱን አሙቀሽ፣ ደርድረሽ፣ አክንባሎውን ድፊበት። አንዴ አገላብጪው። ጠረኑ በበርሽ ሥር ሾልኮ ደረጃውን ሲወርድ የአራተኛውም የሁለተኛውም ፎቅ ሰው አፍንጫውን ያቀናል። ጎረቤቶችሽን ስም ለስም አታውቂያቸውም ነበር አይደል? ሙልሙል ይዞ በር መምታት ሰበብ አያስፈልገውም። «ለቡሄ ነው» ካልሽ ያልቃል።

ችቦውንም እንዲሁ። አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ይባላል፤ ችቦ ደግሞ ሲፈጥረውም ብዙ ቀጫጭን እንጨት አንድ ላይ የታሰረ ነው። ፎቅ ላይ እሳት ይዘሽ እንዳትዞሪ። የብሎካችሁን ኮሚቴ ጠይቂ፣ ሜዳው ላይ አንድ ችቦ ለሁሉም ይብራ፤ ውሃ የያዘ ባልዲም አጠገቡ ይቀመጥ። ማንም ካልጀመረው አንቺ ጀምሪው። የሚጠብቁት የሚጀምር ሰው ነው፤ ይህን በብዙ ሰፈር አይቻለሁ።

ስለ ልጅነቴ አሸንድዬ ብዙ ጊዜ ትጠይቂኛለሽ፤ ዛሬ ልንገርሽ። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ሲፈታ የእኛ የልጃገረዶች ቀን ነው። በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይሉታል፤ ነገሩ እህትማማች ነው። ዋዜማው ላይ ቅጠሉን ለመቁረጥ እንወርዳለን። አሸንድዬ ረጅምና ለምለም ሣር ነው፤ በክረምቱ ውሃ የጠጣ ስለሆነ ሲነጩት ሥሩ ጭው ይላል። እናቴ በጭኗ መሐል አስቀምጣኝ ጸጉሬን ስትሠራኝ አንገቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንቅልፍም ደስታም እየጣለኝ። ጠዋት ኩል ተኩለን፣ ቅጠሉን ወገባችን ላይ አስረን፣ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፤ ከዚያ ከበሮ ይዘን ከቤት ቤት። ስንሽከረከር ቅጠሉ ይዘረጋና ቀሚሳችን ላይ ሹው ሹው ይላል። ያ ድምፅ እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሽማግሌዎች ሲነግሩን፣ ኖኅ ከመርከቡ የላካት ርግብ ለምለም ቅጠል ይዛ ስትመለስ ውሃው መጉደሉን አወቀ፤ የእናንተ ቅጠልም ያው ነው ይሉን ነበር። ያገኘነውን እህልና ገንዘብ ሰብስበን በመጨረሻ አብረን እንበላዋለን። ለየብቻ ተካፍለን የወሰድንበት ዓመት አልነበረም፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።

አንድ ዓመት ግን ታናሽ እህቴ በሞተችበት ክረምት አልወጣም ብዬ ነበር። እናቴ እራሷ ጥቁር ለብሳ ጸጉሬን ሠራችኝ። «እኔ አልቅሼልሻለሁ፤ አንቺ ሂጂና ጨፍሪልኝ» አለችኝ። ከበሮው መሐል ሆኜ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ጨፈርኩ፤ ጓደኞቼም አዩኝ፣ ማንም ዝም በይ አላለኝም። ስለዚህ ደስ ሳይለኝ እንዴት በዓል አከብራለሁ አትበዪኝ። እንደ ከፋሽ ነይ። ከበሮው ለሁለቱም ቦታ አለው።

ከሰው ቀጥሎ ደጁ ነው። ቤትሽ የካ አባዶ ነው፤ ተራራው ከመስኮትሽ ይታያል፤ ግን በመስኮት ያየሽው ተራራ አንቺን አያውቅሽም። ቦቲ ጫማ ግዢ። እሑድ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ከጓደኛ ጋር ውጪ። በየሳምንቱ ያንኑ መንገድ ሂጂ፤ ለውጡን የምታዪው ደጋግመሽ ስትሄጂ ነው። መጀመሪያ የቦዩ ውሃ ድፍርስ ቡናማ ነው። ነሐሴ ሲገባደድ እየጠራ ይመጣል፤ አንድ ቀን የታች ጠጠሩን ታዪዋለሽ። ጉሙ ጠዋት ላይ ቶሎ መገለጥ ይጀምራል። ማታ ደግሞ ደመናው ተሰንጥቆ ሁለት ሦስት ኮከብ ይታያል። በሐምሌ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሽም።

አደይ አበባንም ተመልከቻት። ሰው ሁሉ በመስከረም ቢጫ ለብሳ ሲያያት በድንገት የበቀለች ይመስለዋል። ዛሬ ሄደሽ አጥሩ ሥር ብትፈልጊ ታገኛታለሽ፤ አረንጓዴ፣ ቀጭን፣ ማንም ዞሮ የማያያት አረም መስላ ቆማለች። ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ስትሠራ ነው የከረመችው። የመስቀል ወፍም እንዲሁ ነው፤ ወንዱ በበጋ እንደ ሴቷ ድንቢጥ መስሎ ይኖርና በክረምት ላባውን ይለውጣል። ሣሩ ላይ ብልጭ ሲል ያየሽ ቀን ደውዪልኝ። እኔ ዓይኔ ስለደከመ የዘንድሮውን በአንቺ ዓይን ነው የማየው።

ከግቢያችሁ በር ላይ በቆሎ የምትጠብስ ሴት አለች ብለሽኝ ነበር። እሸት በቆሎ የነሐሴ በረከት ነው። ገዝተሽ ወደ ቤት ይዘሽ አትሩጪ። ከሰሉ አጠገብ ቁሚ፣ እጅሽን አሙቂ፣ እስኪጠበስ ሁለት ቃል ተለዋወጪ። ልጆቿ ስንት እንደሆኑ፣ በቆሎው ከየት እንደሚመጣ ጠይቂያት። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ አንዳንዴ በአንድ እሸት ዋጋ ይሸጣል።

ጳጉሜን ስትገባ የሩፋኤል ዝናብ አለ፤ ጳጉሜን 3። ያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው። ክረምቱን ሙሉ ከዝናብ ሲሸሽ የከረመ ሰው በዚያ ቀን ልብሱን አውልቆ ይገባበታል። ሕፃናት ራቁታቸውን ግቢ ውስጥ ሲዘሉ፣ አሮጊቶች ፊታቸውን ወደ ሰማይ ሲያቀኑ ታያለሽ። እኔ ድስት ደጅ አወጣለሁ፤ የተጠራቀመውን ሊጥ ውስጥ ጠብ አደርጋለሁ፤ የእናቴ ልማድ ነው። ዝናቡ ያው የትናንቱ ዝናብ ነው። ትናንት ጃንጥላ ዘርግተንበት ዛሬ ግን ራሳችንን እንሰጠዋለን። ዘንድሮ አንቺም ከሥራሽ ቅሪ አልልሽም፤ በምሳ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ወጥተሽ ይንጠብጠብብሽ። ጸጉርሽ ቢበላሽም ይሠራል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሴት ልጆች አበባየሁሽ እያሉ ይመጣሉ፤ ቄጠማው ይጎዘጎዛል። የእኛን ሸማኔዎች ለመስቀል እዚህ የሚያስቀራቸው የለም፤ ዕቃቸውን ሰቅለው ወደ ጋሞ ደጋ፣ ወደ ዶርዜ ይሄዳሉ፤ ሽሮ ሜዳም የመወርወሪያው ድምፅ ጠፍቶ ጭር ይላል። ጉራጌው ለመስቀል አገሩ ይገባል፣ ወላይታው ግፋታውን ያከብራል፣ ኦሮሞው ከመስቀል በኋላ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ለኢሬቻ ይወጣል። ሁሉም በየቋንቋው ክረምቱን ስላሻገረው ያመሰግናል። በአንድ አገር ይህን ያህል ሰው በአንድ ወቅት «ተሻገርን» የሚል ከሆነ፣ ወንዙ ለሁሉም ሞልቶ ነበር ማለት ነው። ከብዶኛል ስትዪ ብቻሽን የከበደሽ አይምሰልሽ።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። በዓሉም፣ ዳቦውም፣ እግር ጉዞውም እያለ ልብሽ አልነሳ ካለ፣ እንቅልፍና እህል ከራቀሽ፣ ወይም መኖር ራሱ ከሰለቸሽ ወደ ሐኪም ሂጂ። ጠበሉንም ሐኪሙንም የፈጠረ አንድ ነው። ለእኔም ንገሪኝ፤ አልደነግጥም። በእኛ ጊዜ ይህ ሕመም ስም ስላልነበረው ብዙ ሰው ዝም ብሎ አለቀ፤ የማውቃቸው ሴቶች ነበሩ። አንቺ ዝም እንዳትዪ።

እንግዲህ ቀጠሯችን ይህ ነው። ነሐሴ 12 ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። የሸማኔው ሚስትም አብራኝ ትመጣለች፤ ሊጥ ማሸት እሷን የሚያህላት የለም። አንቺ ከሥራ ቀደም ብለሽ ለመውጣት ከወዲሁ አስፈቅጂ። ማታ ላይ የደረጃውን መብራት አብሪው፤ በሩንም ገርበብ አድርጊው፣ ልጆቹ ከታች ብርሃኑን አይተው እንዲወጡ። ዝርዝር ብር ከሱቅ ለምኚ፣ ሳህን ላይ አድርጊው። ዱቄቱን ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ግዢ፤ በዓል ሲቀርብ ይወደዳል። ጥቁር አዝሙዱን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ የሱቁ አሸዋ አለው።